ከፓኬቱ ጀርባ፦ የአትክልት ዘር ገዝተው ለማይጠግቡ

ጓሮ ያለው ሰው ቤት ግቡና መሳቢያውን ተመልከቱ። የካሮት ዘር አለ። ግማሹ የተዘራ የሰላጣ ፓኬት አለ። በሶፍት ተጠቅልሎ፣ ባለቤቱ ራሱ ምን እንደሆነ የረሳው ነገርም አይጠፋም። አጎት ከአሜሪካ ያመጣው ሐምራዊ ካሮት፣ ከመርካቶ በማንኪያ የተሰፈረ ቃሪያ፣ "ይሄ ደግሞ ልዩ ነው" ተብሎ ከጎረቤት የተሰጠ የዱባ ፍሬ ይገኛል። መሬቱ ግን ሦስት መደብ ነው። ከሦስቱ አንዱን ጤና አዳምና የጥብስ ቅጠል ይዘውታል።

ይህ አባዜ የአንድ ሰው አይደለም። የከተማ ግብርና ሲስፋፋ፣ በተቆረጠ ጀሪካንና በማዳበሪያ ከረጢት ሳይቀር ጎመን የሚያበቅል ሰው ሲበዛ፣ ዘር ፈላጊውም አብሮ በዛ። ውጭ አገርም ያው ነው። አሜሪካ ውስጥ ጥር ላይ፣ መሬቱ በረዶ ለብሶ ሳለ፣ ባለ ጓሮው የዘር ካታሎግ ያገላብጣል። ኮሮና ሲገባ ደግሞ ነገሩ ጣሪያ ነካ። እ.ኤ.አ. በ1876 የተቋቋመው በርፒ የተባለው የዘር ኩባንያ በመጋቢት 2020 የሸጠውን ያህል በ144 ዓመት ታሪኩ ሸጦ እንደማያውቅ ተናግሯል።

ለምን እንዲህ ይሆናል? ዘር መግዛት ከጓሮ ሥራ ሁሉ ቀላሉ ስለሆነ ነው። ቁፋሮ የለውም፣ ውሃ ማመላለስ የለውም። ፓኬቱ ላይ ያለውን ቲማቲም ደግሞ ትል አይበላውም። ዋጋውም እጅ አያስይዝም። እኔ በዚህ ደስታ ላይ ክርክር የለኝም። ክርክሬ አንድ ብቻ ነው፦ ቴምብር የሚሰበስብ ሰው ቴምብሩን ሃያ ዓመት ቢያስቀምጠው ቴምብር ነው፤ ዘር ግን ሕይወት ያለው ነገር ነው፣ መሳቢያ ውስጥም ሆኖ ያረጃል። ስለዚህ ምን እንደገዛን፣ እስከ መቼ እንደሚቆይና የትኛውን ራሳችን መልሰን ማፍራት እንደምንችል ማወቅ ያስፈልጋል።

በቁጥር እንጀምር። አንድ ግራም የቲማቲም ዘር 300 ፍሬ ገደማ ይይዛል። አንድ ግራም ሰላጣ ደግሞ 800 አካባቢ። ለአንድ ቤተሰብ አሥራ አምስት የቲማቲም ተክል ከበቂ በላይ ነው። አሥር ግራም የሚል ፓኬት ገዛችሁ እንበል። ሦስት ሺህ ተክል ነው የገዛችሁት። ያን ሁሉ በተገቢው ርቀት ለመትከል አንድ ሺህ ካሬ ሜትር ገደማ ይፈልጋል። ለጓሮ ሳይሆን ለገበሬ የታሸገ ስለሆነ ነው። የግብርና ግብዓት ሱቆች ውስጥ የምናየው ቆርቆሮ ሃምሳ ግራም፣ መቶ ግራም፣ የሽንኩርት ከሆነም ግማሽ ኪሎ ነው።

ከዚህ የሚመጣው ችግር ቸርቻሪው ቆርቆሮውን ከፍቶ በማንኪያ እየሰፈረ በትንሽ ፌስታል ቋጥሮ መሸጡ ነው። ለገዢው ምቹ ይመስላል። ነገር ግን የታሸገ ቆርቆሮ ውስጥ ያለ ዘር በጣም ደርቆ ነው የሚታሸገው። ቆርቆሮው ሲከፈት ከአየሩ እርጥበት መሳብ ይጀምራል፣ እርጅናውም ይፈጥናል። ፌስታሉ ላይ ስም የለም፣ ቀን የለም። ቃሪያ ተብሎ የተገዛው ሚጥሚጣ ሆኖ ቢወጣ ማንን ትጠይቃላችሁ? ከዚህ ይልቅ አራት አምስት ጎረቤት ተዋጥቶ አንድ ያልተከፈተ እሽግ ገዝቶ መካፈል ይሻላል። በዕቁብና በማኅበር ላደግን ሰዎች ይህ ከባድ አይደለም።

አሁን ፓኬቱን ገልብጡት። የፊቱ ሥዕል ማስታወቂያ ነው። ቁም ነገሩ ከጀርባ በደቃቁ የተጻፈው ነው።

መጀመሪያ ቀኑ። እዚህ ላይ እኛ ኢትዮጵያውያን ብቻ የምንወድቅበት ጉድጓድ አለ። ፓኬቱ ላይ "2018" ተጽፎ ስታዩ "የዘንድሮ ነው" ብላችሁ እንዳትሸወዱ። ከውጭ የመጣ ዘር ቀኑ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። በእኛ 2018 ዓ.ም. ሱቅ ገብታችሁ "2018" የሚል ፓኬት ካነሳችሁ፣ ያ ዘር ሰባት ስምንት ዓመት ያለፈው ነው። ቀይ ሽንኩርት ከሆነ በቃ፣ ሞቷል። ሁለተኛው ነገር ቀኑ የምን ቀን እንደሆነ ማየት ነው። የታሸገበት፣ የብቅለት ምርመራ የተደረገበት ወይም የአገልግሎት ማብቂያው ሊሆን ይችላል። ባለሱቁ ብዙ ጊዜ አይለየውም። እናንተ ለዩት።

ቀጥሎ የብቅለት መጠን አለ። "ጀርሚኔሽን 85%" ካለ፣ በምርመራው ቀን ከመቶ ፍሬ 85ቱ በቅለዋል ማለት ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ስለሆነው ነገር ግን አይናገርም። ያ ፓኬት ሦስት ወር ሙሉ በሱቅ መስኮት ላይ ከሰዓቱን ፀሐይ ሲመታው ቆይቶ ሊሆን ይችላል። እኔ ከመስኮት ላይ የሚነሳልኝን ፓኬት አልቀበልም፤ "ከውስጥ ካለው ስጠኝ" እላለሁ። ባለሱቁ ቢገላምጠኝም ግድ የለኝም።

ዘሩ ሮዝ፣ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ከሆነ ቀለሙ ለማሳመር አይደለም። ብዙውን ጊዜ ቲራምን በመሰለ የሻጋታ መከላከያ መድኃኒት መታሸቱን የሚያሳይ ምልክት ነው። መሬት ውስጥ ለዘሩ ይጠቅመዋል። እንዲህ ያለውን ዘር ግን ልጆች እንዳይነኩት፣ ዶሮ እንዳትለቅመው፣ ተርፎም ከእህል ጋር እንዳይደባለቅ አድርጉ። ዘርታችሁ ስትጨርሱም እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ።

አሁን ወደ ትልቁ ግራ መጋባት እንምጣ፦ "ኤፍ ዋን"። አንዳንዱ እንደ ምርጥ ዘር ማዕረግ ያየዋል። ሌላው "ጂኤምኦ ነው፣ ተጠንቀቁ" ይላል። ሁለቱም አልገባቸውም።

ኤፍ ዋን ማለት የሁለት የተለያዩ ወላጆች የመጀመሪያ ትውልድ ልጅ፣ ማለትም ዲቃላ ዘር ነው። አዳቃዩ ለብዙ ትውልድ ከራሳቸው ጋር ብቻ እያዳቀለ ያጠራቸውን ሁለት መስመሮች ይይዛል። አንዱ በሽታ ይቋቋማል እንበል፣ ሌላው ፍሬው ትልቅ ነው። ሁለቱን ሲያዳቅል ልጆቹ ሁሉ አንድ ዓይነት፣ ጠንካራና ምርታማ ሆነው ይወጣሉ። ጂኤምኦ የሚባለው፣ ጂን ከሌላ ፍጡር ወስዶ መክተት፣ እዚህ ውስጥ የለም። ያ ሌላ ቴክኖሎጂ ነው። መዳቀል ደግሞ ተፈጥሮ ራሷ የምትሠራው ነው። የሐበሻ ጎመናችንን ውሰዱ። እ.ኤ.አ. በ1935 ው ጃንግ ቹን የተባለ ኮሪያዊ ሳይንቲስት እንዳሳየው፣ ይህ ጎመን የጥቁር ሰናፍጭና የጥቅል ጎመን ዘመዶች ድሮ በተፈጥሮ ተዳቅለው የተገኘ ነው። ዲቃላ ጎመን ስንበላ ነው የኖርነው።

ዋጋው ለምን ተወደደ? ሥራው አድካሚ ስለሆነ ነው። ቲማቲም አበባው ውስጥ ወንዱም ሴቱም አብረው ስላሉ በራሱ ይዳቀላል። ዲቃላ ዘር ለማግኘት ሠራተኛ እያንዳንዷ አበባ ሳትፈነዳ በመቆንጠጫ ከፍቶ ወንዴውን ክፍል ነቅሎ ያወጣል። ከዚያ የሌላውን ወላጅ የአበባ ብናኝ ይቀባታል። በእጅ፣ አንድ በአንድ። ሽንኩርት ላይ እንዲህ እናድርግ ቢባል አይቻልም፣ አበባዎቹ እጅግ ደቃቅ ናቸውና። መፍትሔው የተገኘው በአጋጣሚ ነው። እ.ኤ.አ. በ1925 ካሊፎርኒያ ዴቪስ ውስጥ ሄንሪ ጆንስ የተባለ ተመራማሪ ምንም ብናኝ የማያወጣ አንድ ቀይ ሽንኩርት አገኘ። መካን ወንድ እንደማለት ነው። ዘር ስላልሰጠ አናቱ ላይ ካበቀላቸው ጥቃቅን ኮረቶች፣ ማለትም ትንንሽ የሽንኩርት ራሶች፣ አባዙት። ያ ባሕርይ ወደ ሌሎች መስመሮች ተላልፎ የዲቃላ ሽንኩርት ዘር ኢንዱስትሪ መሠረት ሆነ።

አሁን የሰብሳቢው ጥያቄ፦ ከኤፍ ዋን ቲማቲም ዘር ባወጣስ? "አይበቅልም፣ መካን ነው" የሚሉት ሐሰት ነው። ይበቅላል። ግን ልጆቹ እናታቸውን አይመስሉም። አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር፣ አንዱ ጎምዛዛ፣ አንዱ በሽታ የሚጥለው ይሆናል። ለጨዋታ ከሆነ ደስ ይላል። ለምግብ ከሆነ ግን ዕጣ ማውጣት ነው። ዘር ማስቀረት የሚፈልግ ሰው ኤፍ ዋን ያልሆነውን፣ ማለትም ልጁ እናቱን የሚመስለውን ይግዛ። ከመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል የወጡት መልካሳልሳና መልካሾላ ቲማቲሞች እንዲህ ያሉ ናቸው። ሮማ ቪኤፍም፣ ማርግሎብም እንዲሁ። ከበርበሬ ማረቆ ፋና አለ።

እርጅናን እንመልከት። ሁሉም ዘር እኩል አያረጅም። ቀይ ሽንኩርትና ባሮ ሽንኩርት ከአንድ ሁለት ዓመት አያልፉም። ካሮትና ቃሪያ ሦስት ዓመት ገደማ ይቆያሉ። ቲማቲም፣ ጎመን፣ ሰላጣ፣ ቀይ ሥር አራት አምስት ዓመት፤ ኪያርና ዱባም እንዲሁ። ይህ ደረቅና ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ከተቀመጡ ነው። ምድጃ አጠገብ ባለ መደርደሪያ ወይም መኪና ውስጥ ከሆነ ግን ቁጥሩን እርሱት።

ሀሪንግተን የተባለ የዘር ሳይንቲስት ለዚህ ቀላል መመሪያ ትቷል። የዘሩ እርጥበት በአንድ ፐርሰንት በቀነሰ ቁጥር ዕድሜው በእጥፍ ይጨምራል። የሚቀመጥበት ሙቀት በአምስት ዲግሪ በቀነሰ ቁጥርም እንዲሁ። ገደብ አለው እንጂ አቅጣጫው ይኸው ነው። የሁለቱ ጠላቶች አለቃ እርጥበት ነው። እስራኤል ውስጥ ከማሳዳ ቁፋሮ የወጣ ሁለት ሺህ ዓመት ገደማ የሆነው የተምር ፍሬ እ.ኤ.አ. በ2005 በቅሏል። በረሃው አድርቆ ስላቆየው ነው። ገበሬዎቻችን ዘር በቅል አድርገው ከምድጃ በላይ ጭሱ ውስጥ የሚሰቅሉትም ለከንቱ አይደለም። ጭሱ ያደርቃል፣ ነቀዝም ያርቃል።

ጭስ የሌለው ኮንዶሚኒየም ውስጥ ያለ ሰው ምን ያድርግ? ክዳኑ በደንብ የሚገጥም የጃም ጠርሙስ ይውሰድ። ከአዲስ ጫማ ወይም ቦርሳ ውስጥ የሚወጡትን እርጥበት መጣጭ ትንንሽ ከረጢቶች አይጣል፤ ጠርሙሱ ውስጥ ይክተታቸው። ካጣ ሩዝ አምሶ፣ አብርዶ፣ በጨርቅ ቋጥሮ ከታች ያስቀምጥ። ፓኬቶቹን ከላይ ደርድሮ ይክደንና ፍሪጅ ውስጥ ይክተት። መብራት ቢሄድ ቢመጣ ጠርሙሱ እስከተዘጋ ብዙም አይጎዳም። የሚጎዳው ከፍሪጅ ያወጡትን ወዲያው መክፈት ነው። ቀዝቃዛው ዘር ላይ ጤዛ ይይዝበታል። አውጥታችሁ ሁለት ሦስት ሰዓት ተዉትና ክፈቱ። በተለይ ሐምሌና ነሐሴ ላይ።

የቆየ ዘር በእጃችሁ ካለ አትገምቱ፣ ሞክሩት። ሶፍት አርጥቡ፣ ውሃው እስኪንጠባጠብ ግን አይደለም። ሃያ ፍሬ ደርድሩበት፣ እጠፉት፣ ፌስታል ውስጥ ከታችሁ ሞቅ ያለ ቦታ አኑሩት። የፍሪጅ አናት ደህና ነው። ጎመን በሦስት አራት ቀን ነጭ ሥሩን ያወጣል። ቲማቲም ሳምንት ይፈልጋል። ካሮት ሁለት ሳምንት፣ ቃሪያ አንዳንዴ ሦስት። ከሃያው አሥራ ስድስት ከበቀለ እንደ ወትሮው ዝሩ። አሥር ከሆነ እጥፍ አድርጋችሁ ዝሩ። ከአምስት በታች ከሆነ የበቀሉትም ደካሞች ናቸው፣ አትድከሙ። የድሬዳዋና የዱባይ ሰዎች ደግሞ አንድ ነገር ይወቁ፦ ሰላጣ ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ ሲያልፍ ዘሩ ደህና ሆኖም አልነሳም ይላል። አርጥባችሁ ሁለት ቀን ፍሪጅ ውስጥ ብታቆዩት ይነቃል።

መድኃኒት ያልነካው የቆየ ጎመን፣ ቀይ ሥር ወይም ሰላጣ ብዙ ካላችሁ ጣሳ ውስጥ ጥቅጥቅ አድርጋችሁ ዝሩትና ሁለት ቅጠል ሲያወጣ በመቀስ ቁረጡት። ከቲማቲም ሰላጣ ጋር ይበላል። የቲማቲምና የቃሪያ ችግኝ ላይ ግን እንዳትሞክሩት፣ የቲማቲም ቅጠል መርዝነት አለው።

ዘር ራስን ችሎ ማውጣትስ? እዚህ ነው ሰብሳቢው ከገዢነት የሚላቀቀው። ማወቅ ያለባችሁ ተክሉ በራሱ የሚዳቀል ነው ወይስ ከሌላ ጋር የሚለውን ነው። ቲማቲም፣ ሰላጣ፣ ፎሶሊያና አተር በአብዛኛው በራሳቸው ይዳቀላሉ። ጎን ለጎን ብትተክሏቸው እንኳ ዘራቸው ብዙ አይበላሽም። ለጀማሪ እነዚህ ይበቃሉ። ዱባ፣ ዝኩኒ፣ በቆሎ፣ ካሮት፣ ጥቅል ጎመን፣ ቀይ ሥር ግን በንብ ወይም በነፋስ ከሌላ ይዳቀላሉ። ቃሪያና የሐበሻ ጎመን መሐል ላይ ናቸው። በራሳቸው ይዳቀላሉ፣ ንብ ከመጣች ደግሞ እምቢ አይሉም። ቃሪያችሁ ከበርበሬ አጠገብ ከተተከለ ዘንድሮ ፍሬው ቃሪያ ነው፤ ከፍሬው የወጣው ዘር ግን ከርሞ ምን እንደሚያመጣ አይታወቅም።

ቲማቲም እንዲህ ይወጣል። በደንብ የበሰለውን፣ ከጤነኛው ተክል ምረጡ። ቆርጣችሁ ዘሩን ከነዝልግልጉ ብርጭቆ ውስጥ ጨምቁት። ትንሽ ውሃ ጨምሩበትና ሁለት ሦስት ቀን ተዉት። እንደ ጠላ ጥንስስ መሽተት ይጀምራል፣ ከላይም ነጭ ነገር ይሠራል። አትደንግጡ፣ የሚፈለገው እሱ ነው። ዝልግልጉ ዘሩ ፍሬው ውስጥ እያለ እንዳይበቅል የሚከለክል ነገር አለበት። ሲብላላ ይሟሟል። ከዚያ ውሃ ጨምራችሁ አማስሉት። ደህናው ዘር ይዘቅጣል፣ ፍሬ አልባውና ቆሻሻው ይንሳፈፋል። ተንሳፋፊውን ድፉ፣ ቀሪውን በወንፊት እጠቡና ሳህን ላይ ዘርግታችሁ ጥላ ላይ አድርቁ። ሶፍት ላይ ካደረቃችሁት ተጣብቆ ያበሳጫችኋል።

ጎመን ደግሞ አበባውን ከመቁረጥ ይልቅ ሁለት ሦስት ምርጥ ተክል መተው ነው። ፈጥኖ ያበበውን ሳይሆን ዘግይቶ ያበበውን ለዘር ተዉ። ቶሎ የሚያብበውን ከመረጣችሁ በየዓመቱ ቅጠሉ ሳይጠገብ የሚያብብ ጎመን ታፈራላችሁ። ዘሩን የያዘው ቆብ ቢጫ ሲሆን፣ ሳይፈነዳ፣ ከነግንዱ ቆርጣችሁ ትራስ ልብስ ውስጥ ዘቅዝቃችሁ ስቀሉት። ሲደርቅ ቀጥቅጡት። እንዲያውም ለምጣድ ማሰሻ የሚገዛው ጎመን ዘር ራሱ፣ ካልተቆላና ካልተወቀጠ፣ ይበቅላል።

ዱባ ትዕግሥት ይፈልጋል። ወንዱና ሴቷ አበባ ለየብቻ ናቸው። ሴቷን የምታውቋት ከሥሯ ትንሽ ዱባ ስላላት ነው። ነገ የምትፈነዳውን ሴት ማታ ጫፏን በክር እሰሩ፣ ወንዱንም እንዲሁ። ንብ ሳትቀድማችሁ ጠዋት ፍቱ፣ ወንዱን ገንጥላችሁ ሴቷ ውስጥ አሹት፣ መልሳችሁ እሰሯት። ግንዷ ላይ ምልክት አኑሩ። የዚያች ዱባ ዘር ንጹሕ ነው።

"ይህን ያህል ጣጣ ለዱባ?" ትሉ ይሆናል። ለዱባ ቢቀር ለዝኩኒ አይቀርም። ዝኩኒ ለጌጥ ከሚተከሉ ዘመዶቹ ጋር ከተዳቀለ የሚቀጥለው ትውልድ ኩኩርቢታሲን የሚባል እጅግ መራራ መርዝ ሊያወጣ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2015 ጀርመን ሃይደንሃይም ውስጥ አንድ የ79 ዓመት አዛውንት ጓሮ የበቀለ መራራ ዝኩኒ በልተው ሞተዋል። ምግብ ማብሰሉ መርዙን አያጠፋውም። ዝኩኒ ከመቀቀላችሁ በፊት ጫፏን ቅመሱ። መራራ ከሆነች ትፉና ሙሉውን ጣሉ። የአገራችን ቅል ግን ከዱባ ጋር አይዳቀልም፣ ዝምድናቸው ሩቅ ነው።

ካሮት፣ ጥቅል ጎመንና ቀይ ሥር ለጀማሪ አልመክርም። ለማበብ ለሳምንታት ብርድ ይፈልጋሉ፣ ብዙ ተክልም ለዘር መተው ይጠይቃሉ። ሦስት መደብ ያለው ሰው ካሮት ዘር ላውጣ ቢል መሬቱን ለካሮት ሸጠው ማለት ነው። ይግዛው።

ትልልቆቹ ሰብሳቢዎች፣ የጂን ባንኮች፣ ከእኛ የሚለዩት በማቀዝቀዣቸው ብቻ አይደለም። አዲስ አበባ ያለው የብዝሀ ሕይወት ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ1976 ሲቋቋም በአፍሪካ ከቀደሙት አንዱ ነበር። ዶክተር መላኩ ወረደ ባንኩን ሲመሩ፣ ዘር በማቀዝቀዣ ብቻ ሳይሆን በገበሬው ማሳ ላይ እየተዘራ እንዲቆይ ታግለዋል። እ.ኤ.አ. በ1989 "ራይት ላይቭሊሁድ" የተባለውን ሽልማት ያስገኘላቸውም ይኸው ሥራ ነው። ባንክ ውስጥ ያለ ዘር በየጊዜው ይመረመራል። የመብቀል አቅሙ ሲወርድ ወጥቶ ይዘራል፣ አዲስ ዘር ይታጨዳል፣ እንደገና ይቀመጣል። የቤት ሰብሳቢው የሚዘለው ይህን ነው። አንድ ሰው አሥር ዓይነት ማደስ አይችልም። አሥር ሰው ግን በዓመት አንድ አንድ ቢይዝ ይችላል።

የውጭ ዘር ላይ ሁለት ቃል ልበል፣ ምክንያቱም የብዙ ሰው ብር እዚያ ይቀልጣል።

ዘመድ ከስዊድን ወይም ከሰሜን አሜሪካ የላከው የሽንኩርት ዘር እዚህ ቅጠል ብቻ ሆኖ ሊቀር ይችላል። ሽንኩርት ኮረት የሚቋጥረው የቀኑን ርዝመት ለክቶ ነው። የሰሜኑ ዝርያ ከ14 እስከ 16 ሰዓት ብርሃን ይጠብቃል። አዲስ አበባ ረጅሙ ቀን 13 ሰዓት አይሞላም። ሲጠብቅ ይኖራል። አዳማ ሬድና ቦምቤ ሬድ ግን ለአጭር ቀን የተመረጡ ናቸው። ወደ ሰሜን ከሄዱ ደግሞ በተቃራኒው ገና ሳያድጉ ይቋጥራሉ። ፓኬቱ ላይ ያለው "75 ቀን"ም እንዲሁ የሌላ አገር ሙቀት ነው። ለቲማቲም ከሆነ የሚቆጠረው ችግኙ ከተዛወረ ጀምሮ ነው፣ በአዲስ አበባ ብርድ ደግሞ ይረዝማል።

ኢንተርኔት ላይ ሰማያዊ እንጆሪ፣ ባለ ሰባት ቀለም ጽጌረዳ እያሉ ዘር የሚሸጡት ሌቦች ናቸው። ሰማያዊ እንጆሪ የለም፣ ፎቶው በኮምፒውተር የተቀባ ነው። "የነጭ ሽንኩርት ዘር" በፓኬት የሚሸጥላችሁም እንዲሁ፤ ነጭ ሽንኩርት የሚተከለው በፍልቃቂው ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ክረምት ደግሞ በመላው አሜሪካ ሰዎች ያላዘዙት ዘር በፖስታ ይደርሳቸው ጀመር። ከቻይና የመጣ የሚል ምልክት ነበረው፣ አንዳንዱ ላይ ጌጣጌጥ ተብሎ ተጽፏል። የግብርና መሥሪያ ቤቱ "እንዳትዘሩት" ብሎ ለመነ። ዋናው ጥርጣሬ ሻጮች የሐሰት ሽያጭና አስተያየት ለመፍጠር የላኩት ነው የሚል ነበር።

መንግሥታት በዘር ላይ የሚጠነክሩት በሽታና አረም አብሮ ስለሚጓዝ ነው። ወደ አሜሪካ ለመዝራት የሚገባ ዘር የዕፀዋት ጤና የምስክር ወረቀት ይጠየቃል። የአውሮፓ ኅብረትም ከ2019 መጨረሻ ጀምሮ ይህንኑ ያስገድዳል። ወደ ኢትዮጵያ ማስገባትም ፍቃድ አለው። ከኢትዮጵያ የአገር ዘር ይዞ መውጣት ደግሞ በጄኔቲክ ሀብት አዋጅ ፍቃድ የሚያስፈልገው ነው። ሻንጣ ውስጥ በካልሲ ጠቅልሎ መሄድ የተለመደ ቢሆንም ሕገ ወጥ ነው፣ ሲያዝም ይወረሳል።

ውጭ ላላችሁ ግን ብዙ ጊዜ ሻንጣ አያስፈልግም። የሐበሻ ጎመን ዘር "የኢትዮጵያ ጎመን" በሚል ስም በአሜሪካ ካታሎጎች ይሸጣል። ድንብላል፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ነጭ አዝሙድ ከሐበሻ ሱቅ ከነፍሬው ይገኛሉ፤ ካልተቆሉና ካላረጁ ይበቅላሉ። ኮሰረት ቅርንጫፉ ተቆርጦ ነው የሚተከለው፣ ካለው ሰው ለምኑ። በሶብላ ከፈለጋችሁ ያልተፈጨውን፣ ከነአበባ ራሱ የደረቀውን ግዙ። በመዳፋችሁ እሹት፣ ጥቁር ደቃቅ ፍሬ ይወጣዋል። ውርጩ ካለፈ በኋላ አፈር ላይ በተኑት። አፈር አታልብሱት፣ ብርሃን ይፈልጋል። በውሃ መርጫ እያረጠባችሁ ሞቅ ባለ ቦታ አቆዩት፤ በሳምንት ገደማ ብቅ ይላል።